ሞዴል ሎኮሞቲቭ፦ ርካሹ፣ መካከለኛውና ውዱ በምን ይለያያሉ?

"ባቡር ገዛሁ" ስላቸው ጎረቤቴ እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። "እሰይ የኔ ልጅ! ከእንግዲህ ለማስፈጨት ሩቅ አንሄድማ!" እኛ ጎጃም ባቡር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የእህል ወፍጮ ነው። ሐዲድ ላይ የሚሄደውስ በጎጃም አልፎ አያውቅም። ካርቶኑን ከፍቼ ስንዝር የማይሞላውን ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎ የሚጎትተውን የባቡር ራስ በትንሹ የተሠራውን፣ ሳሳያቸው ትንሽ ዝም አሉና "ለመሆኑ ስንት ወጣበት?" አሉኝ። ዋጋውን በብር ከነገርኳቸው ምሽቱን ሙሉ ስመከር ስለማመሽ "የአክስቴ ልጅ ነው ከጀርመን የላከልኝ" ብዬ አለፍኩ።

ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ነው። ከባህር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ይህን ነገር ጀምረው የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። አንድ ዓይነት ባቡር፣ አንድ ዓይነት መጠን፣ ፎቶው ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ አንዱ ግን 90 ዩሮ፣ ሌላው 200፣ ሌላው ደግሞ 400 ይባላል። ልዩነቱ የት ነው ያለው? እኔም ስጀምር አልገባኝም ነበር። ገንዘብ አባክኜ ነው የገባኝ።

ዋጋውን ሆን ብዬ በዩሮ ነው የምጽፈው። በብር ብጽፈው ጽሑፉን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል።

መጀመሪያ መለኪያው

አባቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ በቅሎ ሲገዛ ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ እግሯን ያያል። ቀጥሎ ጥርሷን። መልኳ መጨረሻ ነው። ሻጩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመልኳ ነው። ካታሎግም እንደዚያ ሻጭ ነው፤ የሚያሳያችሁ መልኩን ብቻ ስለሆነ እግሩንና ጥርሱን ራሳችሁ ጠይቁ።

እግር የምለው አካሄዱን ነው። ሞተሩ የት ነው ያለው? መሃል ላይ ተቀምጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቦጊ (ጎማዎቹ አንድ ላይ የታሰሩበት ክፍል) ኃይሉን እኩል ያስተላልፋል ወይስ አንዱ ቦጊ ላይ ተለጥፎ ሌላው ዝም ብሎ ይጎተታል? ቮላኖ አለው? ጋራዥ የዋለ ሰው ቮላኖ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ እዚህም ያው ነው። ሞተሩ ላይ የተገጠመች ትንሽ ከባድ ናስ ነች፤ ኃይል ለአፍታ ቢቋረጥ ሎኮሞቲቩ እንዳይደነብር ትይዘዋለች። ከዚያ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚለቅመው ከስንት የብረት ጎማ ነው? ይህቺ ጥያቄ ለእኛ ከሁሉም ትበልጣለች። ከኅዳር እስከ ጥር ጤፍ ሲወቃ ብናኙ መስኮት ተዘግቶም ይገባል፣ ሐዲዱ ላይ ያርፋል። ከስምንት ጎማ የሚለቅመው ሎኮሞቲቭ አንዱ ጎማ ቢቆሽሽበት ሰባት ይቀሩታል። ከሁለት ከሦስት ጎማ የሚለቅመው ግን እዚያው ቀጥ ይላል፣ በጣት መግፋት ነው እንግዲህ።

ጥርስ የምለው ዕድሜውንና ጥገናውን ነው። በአንድ ካቻቢቴ ይከፈታል? ካርቦኑ ሲያልቅ ይቀየራል? እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ የሚጠለቀው ላስቲክ ለብቻው ይሸጣል? የሞዴል ባቡር መለዋወጫ ሱቅ በቅርባችን ስለሌለ የተበላሸውን የምትጠግኑት እናንተው ናችሁ።

ሦስተኛው መለኪያ መስማማት ነው፤ ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ኤችኦ የሚባለው ስኬል ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዞቹ ኦኦ በዚያው ሐዲድ ይሄዳል፣ ቦዲው ግን ትንሽ ይተልቃል፤ ከእውነተኛው የሚያንሰው 76 ጊዜ ነው። ኤን ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል፣ የአውሮፓና የአሜሪካው 160 ጊዜ ያንሳል። 19 ሜትር የሚረዝም እውነተኛ ሎኮሞቲቭ በኤችኦ ወደ 22 ሳንቲ ሜትር፣ በኤን 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። መርክሊን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ኤችኦ ደግሞ ሐዲዱ መሃል ላይ በተተከሉ ትንንሽ ነጥቦች ነው ኃይል የሚወስደው፤ ባለ ሁለት መስመር ሐዲድ ላይ ብታስቀምጡት ጎማዎቹ ሾርት ያደርጋሉ። ፒኮና ሮኮ የሚባሉት ፋብሪካዎች ብዙዎቹን ሎኮሞቲቮች በሁለቱም ዓይነት ስለሚሸጡ ካርቶኑ ላይ ያለችውን ምልክት እዩ። ሁለት ትይዩ መስመር ካለ ባለ ሁለት መስመሩ ነው፣ ሞገድ ምልክት ካለ ባለ ሦስት።

ኤሌክትሪኩንም አትርሱ። የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ የአውሮፓ ትራንስፎርመር እንዳለ ይሠራል። የአሜሪካው ለ120፣ የጃፓኑ ለ100 ቮልት የተሠራ ነው፤ ሶኬት ቀይራችሁ ከሰካችሁት የጭስ ባቡር ይሆንላችኋል። ሎኮሞቲቩ ራሱ ግን የሚፈልገው ከሐዲዱ እስከ 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጃፓን ሎኮሞቲቩን አስመጥታችሁ መቆጣጠሪያውን ከአውሮፓ መግዛት ይቻላል።

መልክ አራተኛ ነው። ለብቻው የተገጠመ መያዣ፣ ከፎቶ የማይለይ ጽሑፍ፣ የሾፌሩ ክፍል መብራት። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን አራተኛ ነው።

የመጫወቻው ደረጃ

እዚህ ያሉት የፒኮ ማይትሬይን፣ የመርክሊን ማይወርልድ፣ የሆርንቢ ፕሌይትሬይንስ ናቸው። ማይትሬይን ኤችኦ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ የባትሪ ናቸው። ቦዲው ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ዝርዝር የለውም። ቢወድቅ ግን ምንም አይሆንም። ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ ውጪ አትግዙ፣ አለቀ። ውዱን ገዝቶ ልጁን "እንዳትነካ!" የሚል አባት አይቻለሁ፤ ታዲያ ለማን ነው የተገዛው?

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የ90 ዩሮውም የ400ውም እኩል ይቆማሉ። የባትሪው ብቻ ይሄዳል። ይህን ጥቅም የአውሮፓ ገዢ አያውቀውም።

ርካሹ ደረጃ

ልዩነቱን ለመረዳት በደንብ ማየት ያለባችሁ ይህን ነው። የሆርንቢ ሬይልሮድ፣ የፒኮ ሆቢ፣ የዎልተርስ ትሬይንላይን እዚህ ይመደባሉ። "ርካሽ" የሚለው ቃል ግን ሁለት የተለያየ ነገር ይደብቃል።

አንደኛው አሮጌ ሻጋታ ነው። ሞዴል ባቡር ውስጥ ትልቁ ወጪ የብረት ሻጋታው ነው። ከዓመታት በፊት የተሠራ ሻጋታ ወጪውን መልሷል፣ ስለዚህ ከሱ የሚወጣው ቦዲ በርካሽ ይሸጣል። ሆርንቢ በ2004 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑን ሊማን ከጠቀለለ በኋላ ከሊማ የወረሳቸውን ሻጋታዎች በሬይልሮድ ስም አውጥቷል። ቦዲው ያረጀ ይሁን እንጂ ሞተሩ አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ "ሬይልሮድ እንዴት ነው?" ተብሎ በጅምላ አይጠየቅም። የትኛው ሎኮሞቲቭ እንደሆነ ተናገሩና ሞተሩ የት እንዳለ ጠይቁ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያውኑ ቀለል ተደርጎ የታሰበ ነው። ፒኮ ሆቢ እንደዚያ ነው። ሻጋታው ያን ያህል ያረጀ አይደለም፤ ዋጋው የወረደው መያዣው ከቦዲው ጋር አንድ ላይ ተቀርጾ ስለሚወጣና የሚገጠሙት ቁርጥራጮች ስለሚያንሱ ነው። ቁርጥራጭ ማለት የሰው እጅ ማለት ነው። አብዛኛው ሞዴል ቻይና ውስጥ በሰው እጅ ነው የሚገጣጠመው፤ እያንዳንዷ ቀጭን ሽቦ የአንድ ሰው ደቂቃ ትበላለች። እኔ የያዝኳቸው ሁለት የሆቢ ሎኮሞቲቮች ሞተራቸው መሃል ላይ ነው፣ ከባድ ሻንሲ አላቸው፣ ዘጠኝ ፉርጎ ያለችግር ይጎትታሉ። ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆነህ ከውዱ ለይ ብትሉኝ አልለይም።

ልዩነቱ የሚታየው በዝግታ ሲሄዱ ነው። ጥሩ ሎኮሞቲቭ እንደ ጉንዳን ይሳባል። ርካሹ መጀመሪያ እንቢ ይልና ድንገት ብድግ ብሎ ይሄዳል። ባቡሩ ዝም ብሎ እንዲዞር ለሚፈልግ ይህ ምንም አይደለም። ፉርጎ እያቆራኘ እያላቀቀ መጫወት የሚፈልግ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰለቸዋል።

መካከለኛው

ፒኮ ኤክስፐርት፣ የሆርንቢ ዋናው ምርት፣ የባክማን ብራንችላይን፣ ከሮኮ ብዙው እዚህ ነው። እዚህ የምትከፍሉት ለመልክም ለእግርም ነው። አብዛኛውን ጊዜ አካሄዱን የሚያለሰልስ ባለ አምስት ዋልታ ሞተር፣ ቮላኖ፣ ከሁሉም ወይም ከሁሉም በሚባል ጎማ የሚለቀም ኤሌክትሪክ፣ ጥሩ መብራትና ለዲኮደር የተዘጋጀ ሶኬት ታገኛላችሁ። ዲኮደር ማለት ሎኮሞቲቩን በዲጂታል የምታዙበት ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሶኬቱ ባለ 8 ወይም ባለ 21 እግር፣ ወይም ፕለክስ22 አለዚያም ኔክስት18 ሊሆን ይችላል። ዛሬ ዲጂታል ባትፈልጉም ሶኬት የሌለውን አዲስ ሎኮሞቲቭ አትግዙ። ነገ በስታኞ ሽቦ እየለጠፉ መሥራት አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሠርቼዋለሁ።

ለእኔ ዋጋ ከጥራት ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ከርካሹ ወደ መካከለኛው ስትወጡ የምትጨምሩት ገንዘብ በአካሄዱ ላይ ይታያል። ከመካከለኛው ወደ ውዱ ስትወጡ የምትጨምሩት ግን አብዛኛው በመልክና በድምፅ ላይ ነው የሚያልቀው።

ውዱ

የዎልተርስ ፕሮቶ፣ የአተርን ጄነሲስ፣ አዳዲሶቹ የመርክሊንና የትሪክስ ሥራዎች፣ ኢኤስዩ። የኢኤስዩ ሎኮሞቲቭ ጭስ ያወጣል፣ ጭሱም ከድምፁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከነዚህ በላይ ደግሞ በትንሽ ቁጥር የሚሠሩ የናስ ሞዴሎች አሉ፣ እነሱ የሰብሳቢ ዕቃ ናቸው፣ እንለፋቸው።

ዋጋው ለምን እንደዚህ ይሰቀላል? የድምፅ ዲኮደር ብቻውን ወደ 100 ዩሮ ይጨምራል። ቁርጥራጩ ይበዛል። በትንሽ ቁጥር ስለሚመረትም የሻጋታው ወጪ ለጥቂት ሰው ይካፈላል። ውሸት የለበትም፣ የሚከፈልበት ነገር አለው።

ግን የኛን መንገድ አስቡት። አንድ ያገለገለ በጣም የሚያምር ሎኮሞቲቭ ገዝቼ ነበር። በሻንጣ ከጀርመን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ካርቶኑን ስከፍት የፊት መያዣዎቹ ሦስቱ ወልቀዋል፣ አንድ ባፈር (ጫፉ ላይ ግጭት የሚያበርደው ክብ መከታ) የለም፣ አንዷ መስታወት ውስጥ ገብታ ትንኳኳለች። አንድ ሙሉ ቅዳሜ በወረንጦና በማስቲሽ ስታገል ዋልኩ። ባፈሩን ከሦስት ሳምንት በኋላ የሻንጣው ኪስ ውስጥ አገኘነው። ርካሹ በዚያው ሻንጣ መጥቶ ምንም አልሆነም፤ የሚሰበር ነገር የለውማ።

ሌላም አለ። ረጃጅሞቹና ዝርዝራቸው የበዛ ሎኮሞቲቮች ጠባብ ኩርባ አይወዱም። የጀማሪ ሐዲድ ኩርባው በራዲየስ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ውድ ሞዴሎች ከ42 ሳንቲ ሜትር በላይ ይፈልጋሉ። ጠረጴዛችሁ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ የ400 ዩሮው መደርደሪያ ላይ ነው የሚኖረው።

ኤን ስኬልን ለምን ለብቻው አነሳሁት

የጃፓኑ ካቶ ይህን ሁሉ ድልድል ያበላሸዋል። በኤን ስኬል የሚሠራቸው ሎኮሞቲቮች እንደ አውሮፓዎቹ "ይህ ለጀማሪ፣ ይህ ለባለሙያ" ተብለው ብዙም አይከፋፈሉም። የጃፓን ገበያ ትልቅ ስለሆነ በብዛት ይመረታሉ፣ ዋጋቸውም ከአካሄዳቸው አንጻር ደህና ነው። ዩኒትራክ የሚባለው ሐዲዱ ከነመደቡ ስለሚመጣ ምንጣፍ ላይም ተዘርግቶ ይሠራል። አንድ ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ በቁም ነገር አስቡበት። ጉዳቱ ትንሽነቱ ነው። ትንሽ ጎማ ላይ ትንሽ ብናኝም ትልቅ ድንጋይ ነው፤ በጤፍ ወቂያ ሰሞን በየቀኑ ሐዲድ መወልወል አለ። ለትልቅ ሰው ዓይንም ይከብዳል።

ባጭሩ

ዋጋዎቹ የአዲስ፣ ያለ ድምፅ፣ በግምት ናቸው፤ ድልድሉ የራሴ ነው።

| ደረጃ | ዋጋ በዩሮ | አካሄድ | መልክ | መንገድና ውድቀት መቻል | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| መጫወቻ | እስከ 60 | ይዞራል፣ በቃ | ወፍራም፣ ቀላል | በጣም ጥሩ | አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም |
| ርካሽ | 80–150 | ከመካከለኛ ፍጥነት በላይ ጥሩ፣ በዝግታ ይለያያል | ከአንድ ሜትር ጥሩ | ጥሩ | ቀላል |
| መካከለኛ | 150–250 | በዝግታም ጥሩ | በቅርብም ጥሩ | መጠንቀቅ ይፈልጋል | ደህና፣ መለዋወጫ ይገኛል |
| ውድ | ከ250 በላይ | በጣም ጥሩ | እውነተኛውን ይመስላል | ደካማ | ጥበብና ወረንጦ |
| ካቶ ኤን | 60–150 | በጣም ጥሩ፣ ሐዲዱ ንጹሕ ከሆነ | ለመጠኑ ጥሩ | ደህና | ትንሽነቱ ያስቸግራል |

ያገለገለ ልግዛ?

አዎ፣ ግን ጥርሱን እያያችሁ። የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች አንድ ትልቅ ጸጋ አላቸው፤ ሞተራቸው ይከፈታል፣ ካርቦኑ ይቀየራል፣ በአልኮል ይታጠባል፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይጨመርለታል፣ ተነስቶ ይሄዳል። የአሁኖቹ ሞተር ብዙው ጊዜ የታሸገ ነው፣ ከሞተ እንዳለ ይቀየራል።

የሚያስፈራው የሻንሲው በሽታ ነው። የዚንክ ቅይጡ ሲቀልጥ እንደ እርሳስ ያለ ባዕድ ነገር ከገባበት ብረቱ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ብቻ ሳይሆን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩትም አንዳንዶቹ ላይ ታይቷል። እኔ ራሴ "ተሞክሯል፣ ይሠራል" ብሎ አንድ ሰው የሸጠልኝ ሎኮሞቲቭ ቦዲው ከሻንሲው አልላቀቅ ብሎኝ በግድ ስከፍተው ሻንሲው ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ ከሥሩ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ቦዲው ጎኑ ላይ ወደ ውጭ ከተነፋ ወይም ቀለሙ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ካለ እለፉት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ለትንሽ ልጅ ከሆነ የመጫወቻው ደረጃ፣ ተናግሬያለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ፣ በጠቅላላ ከ200 ዩሮ የማይበልጥ ያላችሁ፣ ከፒኮ ሆቢ ዓይነት አንድ ሎኮሞቲቭ ከነሐዲዱና ከነመቆጣጠሪያው ፈልጉ። በማስጀመሪያ ካርቶን ሲገዛ ለየብቻው ከመግዛት ይረክሳል። 200ውን ሁሉ ሎኮሞቲቭ ላይ ጨርሶ ሐዲድ ያጣ ልጅ አውቃለሁ። ሎኮሞቲቩ ለስድስት ወር መጽሐፍ ማስደገፊያ ሆኖ ቆየ።

ሐዲዱ ያላችሁና ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ የምትፈልጉ ደግሞ ሁለት ርካሽ ከመግዛት አንድ መካከለኛ ግዙ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በዓይናችሁ ስለሚታይ ሦስተኛውን ስትገዙ እኔን አትጠይቁኝም።

የኛን የምድር ባቡር መሥራት የምትፈልጉ አላችሁ፣ እኔም እመኛለሁ፤ ለእናንተ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበረ በኤችኦ ስኬል ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ስፋት በዋናነት የሚሠሩት እንደ ቤሞ ያሉ ትንንሽ ፋብሪካዎች ናቸው፣ የስዊዝ ተራራ ባቡሮችን ነው የሚሠሩት፣ ዋጋቸውም ውዱ ውስጥ ይገባል። ብልሃቱ ቲቲ የሚባለውን፣ ከኤችኦ ያነሰውን ስኬል ሻንሲ መግዛት ነው፤ ሐዲዱ እሱም 12 ሚሊ ሜትር ነው። ቦዲውን ከላይ ራሳችሁ በካርቶንና በፕላስቲክ ትሠራላችሁ። እዚህ ላይ ለመልክ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ፤ የምትገዙት እግር ብቻ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው አዲሱ መስመር ግን ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለሱ ተራው የኤችኦ ሐዲድ ይበቃል።

ድምፅና ጭስ የሚፈልግ፣ ሰፊ ክፍል ያለው፣ ገንዘቡም ያለው ሰው ውዱን ይግዛ፣ እኔ ምን አገባኝ። ብቻ በሻንጣ ሲመጣ ከጫማ ጋር አታስቀምጡት። በእጅ ሻንጣ ይምጣ፣ የፋብሪካው ስፖንጅ አይጣል፣ በአውቶቡስ ስትጓዙም ጭናችሁ ላይ ያዙት። የሚልክላችሁ ዘመድም የጎማ ላስቲክ ሁለት ጥንድ አብሮ ይግዛ፤ ዋጋው ጥቂት ዩሮ ነው፣ ሲያልቅባችሁ ግን ሌላ ዘመድ እስኪመጣ ዓመት ትጠብቃላችሁ።